ቅሬያችን ለከተማችን ሬዲዮ ስቱዲዮ ቢያዋጣስ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለናንተ ይሁን የደሴና የአካባቢዋ ልጆች። ጥያቄዬ አጭር ነው። በየሰፈሩ ያለው ቅሬ (እድር) ከየአባሉ በወር 10 ብር እየጨመረ ለከተማችን የማኅበረሰብ ሬዲዮ ስቱዲዮ ቢያዋጣ ምን ትላላችሁ?

ለምን እንዳነሳሁት ልናገር። ጣቢያው የሚሠራው በኪራይ ቤት ነው፤ አንዷ ክፍል መቅረጫ፣ አንዷ ማስተላለፊያ። የድምፅ መቀላቀያው (ሚክሰሩ) ላይ ካሉት መግፊያዎች የሚሠሩት ነጭ ፕላስተር የተለጠፈባቸው ብቻ ናቸው፤ ሳያውቅ ሌላውን የነካ እንግዳ ፍርጥርጥ የሚል ድምፅ ወደ አየር ይለቃል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ዝናቡ ሲወርድ አንባቢዋ ዜናውን አቋርጣ ዘፈን ትለቃለች፤ ካላባራ ዘፈኑ ይደገማል፣ ይሠለሳል። ሐምሌ ላይ ዜና ሳይሆን የዘፈን ምርጫ የምንሰማው ለዚህ ነው። ልጆቹ አብዛኞቹ በነፃ ነው የሚያገለግሉት። 10 ብር ዛሬ ስኒ ቡና አይገዛም፤ የቅሬ አባል ሁሉ ሲያዋጣው ግን ኮርኒስ ይሆናል።

ምላሾቹ

የውይይት ክሩ ረዝሞ ሰው ከመሃል እየገባ ስለሚምታታበት፣ እስካሁን የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስፍሬዋለሁ። ጣልቃ መግባቴ አይቀርም፤ ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝና ቻሉኝ።

1ኛው ምላሽ የአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነው። ረዘም ያለ ምርቃት አስቀድመው ሐሳቡን እንደሚደግፉ ጻፉ። ቅሬ ድሮም ቀብር ብቻ አልነበረም አሉ፤ ድንኳኑንና ብረት ድስቱን ለሠርግም ያውሳል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ያቋቁማል። ሬዲዮውም ለሳቸው ከቅሬው ጥሩንባ አይለይም፤ ነፊው ከሆጤ ተነሥቶ ሮቢት ሳይደርስ ሬዲዮው መርዶውን አዳርሶታል። 2ኛውና 3ኛው መስማማታቸውን ብቻ ገልጸው አለፉ።

4ኛዋ የአንድ ቅሬ ገንዘብ ያዥ ናት። በትሕትና፣ ግን ሳታለዝብ አረመችን። በመተዳደሪያ ደንባቸው ገንዘቡ የሚወጣባቸው ጉዳዮች አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል፤ ሬዲዮ የለበትም። ደንብ ለማሻሻል ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት ያስፈልጋል፣ ጉባኤ ከተጠራ ደግሞ የሚወራው ስለ ቀሪና ስለ ቅጣት ነው። ከዚያ ከበድ ያለውን አስከተለች። ወሎ ውስጥ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚቀባበርበት ሰፈር ብዙ ነው፤ ያ ቅሬ ሳይሰነጠቅ የኖረው ገንዘቡ ለሞት እንጂ ለክርክር ወጥቶ ስለማያውቅ ነው። ሬዲዮ ደግሞ ሥራው ማከራከር ነው። ከክሩ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው፤ መዋጮው ከቅሬው ካዝና ሳይሆን በፈቃደኞች ስም፣ በሌላ መዝገብ ይያዝ የምለውም ከዚህ ተነሥቼ ነው።

5ኛው ግን ሰላምታም አላበዛ። ሬዲዮ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ግብር እየከፈልን ለምን ሁለተኛ እንከፍላለን፣ ነገ ደግሞ ለአስፋልቱ ቅሬ ያዋጣ ልትሉን ነው ብሎ ተቆጣ። አባቱ ለቴሌቪዥን በየዓመቱ ይከፍሉ እንደነበርና ከዚያ ገንዘብ አንድም ቀን ሰፈራቸው በቴሌቪዥን ሲታይ አለማየታቸውን ጨመረበት።

6ኛው መልስ የሰጠው ሕግ የተማረ ይመስላል። የ1999 ዓ.ም. የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533 ፈቃዶችን ሦስት አድርጎ እንደከፈለ፣ እነሱም የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ እንደሆኑ፣ የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238ም ክፍፍሉን እንዳላፈረሰው አስረዳ። የሕዝብ የሚባለው ጣቢያ የበላዩ ምክር ቤት ነው፤ የፌደራሉ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ የክልሉ ለክልሉ ምክር ቤት፤ በጀትም ከዚያው ነው። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ግን ትርፍ የማይከፋፈልበት፣ የሚያዳምጠው ሕዝብ በራሱ ፈቃድ የሚያቋቁመው ነው። ስለዚህ ለዚህኛው መንግሥት ይክፈል ማለት ለቅሬ ድንኳን መንግሥት ይግዛ እንደማለት ነው ብሎ ዘጋው። 5ኛው ተመልሶ መጥቶ በወረቀት ላይማ ሁሉም አለ ብሎ አሾፈ። እዚህ ጋ ሁለቱም ትክክል ይመስሉኛል።

7ኛው ከኮምቦልቻ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጣቢያውን ከደሴ እስኪወጣ ድረስ እየሰማ ይሄዳል፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ መውረድ ሲጀምር ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል፣ ከታች ሲደርስ ሽውታ ብቻ ይቀራል። ታዲያ የኮምቦልቻ ሰው የማይሰማውን ለምን ይከፍላል ሲል ጠየቀ። ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ነው መፍትሔው፣ ለሱ ከሆነ 100 ብርም አወጣለሁ አለ።

8ኛው ቴክኒሻን ነው፣ እንደ ቴክኒሻንም ነው የጻፈው። የኤፍ ኤም ሞገድ ፊት ለፊት ነው የሚሄደው፤ ተራራ አይሻገርም፣ ገደልም ብዙ አይወርድም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተሸጉጣለች፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላለች። የማሰራጫውን ኃይል እጥፍ ብታደርገው የሚገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ተራራ የጋረደውን አያሻግርም። ለውጥ የሚያመጣው የአንቴናው ከፍታና ፊቱ ያዞረበት አቅጣጫ ነው። ደግሞም የማኅበረሰብ ሬዲዮ ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ አካባቢ ስለሆነ እንደፈለጉ መዘርጋት አይቻልም።

ሹፌሩ በ9ኛው ላይ እንግዲያው ጦሳ ጫፍ ላይ ስቀሉታ አለ። 10ኛው፣ እዚያው ተራራው ሥር የሚኖር፣ መስቀሉ ቀላል ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ይችለዋል ብሎ ዘረዘረለት። የመብራት መስመር መሳብ፣ ዘበኛ መቅጠር፣ ክረምት ላይ ጄኔሬተር በጭቃ ማውጣት፣ መብረቅ፤ ከስቱዲዮው ተራራው ድረስ ድምፁን የሚያደርሰው መገናኛ ራሱ ሌላ ወጪ ነው። ሹፌሩ ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ወይ አሳመኑት ወይ መንገድ ወጣ።

ከ11ኛው ጀምሮ ወደ ስቱዲዮው ተመለስን። አንድ ወጣት ግድግዳውን በእንቁላል ትሪ መለጠፍ እንደሚበቃ፣ ርካሽ እንደሆነ፣ ዩቲዩብ ላይም እንዳየው ነገረን። 8ኛው ቴክኒሻን ትዕግሥቱ ያለቀው እዚህ ነው። የእንቁላል ትሪ ካርቶን ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ አያግድም፣ የክፍሉንም ማስተጋባት ቢቀንስ ከቀጫጭኑ ድምፅ ላይ ጥቂት ነው፣ አንድ የሽቦ ብልጭታ ቢነካው ግን ክፍሉን ይዞት ይሄዳል። ድምፅ የሚያግደው ክብደት ነው። የድሮ የጭቃ ግድግዳ ከብሎኬት ግርግዳ ብዙም አያንስም፤ ችግሩ ያለው በበሩ ሥር ባለው ክፍተትና በቆርቆሮው ነው። ማስተጋባቱን ለመቀነስ ደግሞ የደጋው የበግ ፀጉር ባና እያለልን የምን ትሪ ነው፣ ከግድግዳው ትንሽ አርቃችሁ ስቀሉት አለ።

12ኛዋ በዚያው ጣቢያ ታገለግል የነበረች ናት። የተሰጣቸው ውድ ማይክ የመንገዱን የባጃጅ ጥሩንባ ሁሉ ለቅሞ እንደሚያመጣ፣ አሮጌው ርካሽ ማይክ ግን አፍ ካልቀረበው ስለማይሰማ የተሻለ ይሠራላቸው እንደነበር አወጋች። ቴክኒሻኑም ደገፋት፤ ኮንደንሰር የሚባለው ማይክ ዝግ ክፍል ይፈልጋል፣ ዳይናሚኩ ለጫጫታ ቤት ይሻላል። ቀጥላ እንደ ቀልድ የጻፈችው ነገር ግን የሚያስቅ አይደለም። ማይኩን የሰጣቸው ለጋሽ ከርክክቡ በኋላ ደጋግሞ የጠየቃቸው ፎቶ ብቻ ነበር። ኮርኒስ ፎቶ ላይ አያምርም መሰለኝ፤ የሚሰጥ የጠፋው ለዚህ ይሆናል።

13ኛው ከአሜሪካ ነው የጻፈው፣ ታክሲ እየነዳ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ የሚሰማ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ። በአድማጭ መዋጮ የሚኖር ሬዲዮ እዚያ እንግዳ እንዳልሆነ፣ በርክሌይ ከተማ ያለው ኬፒኤፍኤ ከእ.ኤ.አ. 1949 ጀምሮ በዚህ መንገድ እንደቆመ ነገረን። የአሜሪካ መንግሥትም በእ.ኤ.አ. 1967 ሕግ አውጥቶ ለሕዝብ ጣቢያዎች ገንዘብ የሚያከፋፍል ኮርፖሬሽን አቋቁሞ ነበር፤ በእ.ኤ.አ. 2025 ግን ኮንግረሱ ለሁለት ዓመት የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ወሰደውና ኮርፖሬሽኑም ሥራውን ወደ መዝጋት ሄደ። ይበልጥ የተጎዱት የገጠር ትናንሽ ጣቢያዎች ናቸው፤ የትልልቅ ከተማዎቹን ብዙ አድማጭ ስለሚያዋጣላቸው ይተነፍሳሉ። ምክሩ ይሄ ነበር፦ በዓመት አንዴ ደግሳችሁ ብዙ ከመሰብሰብ በየወሩ ጥቂት የሚሰጥ ብዙ ሰው ያዙ። እሱና ጓደኞቹም ዶላር ሊያዋጡ እንደተዘጋጁ ጨመረ።

ይሄኔ ነው ክሩ የጋመው። 14ኛው ከዚህ በፊት ለአንድ የልማት ሥራ ከውጭና ከአገር ውስጥ ተሰብስቦ የነበረ ገንዘብ ሒሳቡ ሳይነገር እንደቀረ፣ የኮሚቴውም ሰዎች ስልክ ማንሳት እንደተዉ አስታወሰና ዲያስፖራ ገንዘቡን ይልካል፣ ከዚያ ጣቢያው ምን እንደሚያወራ ሊያዝ ይፈልጋል ብሎ 13ኛውን ወረደበት። 13ኛው በውርጭ ሌሊት ነድቶ የሚልከው ብር እንደሆነ መለሰ። 15ኛው ሁለቱንም አብሽሩ እያለ፣ ጀባ ያልተባለ ቡና እንዲህ ያጣላል ብሎ ሊያበርድ ሞከረ። አልበረደም፤ 16ኛውና 17ኛው የሰፈር ስም ጠርተው ስለተሰዳደቡ መድረኩ የጻፉትን አንስቶታል። ቁጥራቸው ባዶ ሆኖ የሚታየው ለዚያ ነው።

18ኛዋ ከከሚሴ በኩል መጥታ ደሴ የምትኖር እናት ናት። ረጋ ብላ ነው የጻፈችው፣ ግን ቆንጥጣናለች። እኔ 10 ብሩን ብከፍል በየትኛው ቋንቋ ነው የምሰማው ብላ ጠየቀች። እሷ ቤት ኦሮምኛ ነው የሚነገረው፣ በናቷ በኩል ደግሞ ሾንኬ ውስጥ አርጎብኛ የሚናገሩ ዘመዶች አሏት፤ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም በአንድ ሜዳ ይገበያያል፤ ሬዲዮው ግን ይህን ሁሉ ባንድ ቋንቋ ነው የሚያወራው። 19ኛው ጣቢያ መከፋፈል ከተጀመረ ማብቂያ የለውም ብሎ ተቃወማት። 20ኛው ደግሞ 19ኛውን፣ እንዲከፍሉ ስትጠራቸው ያልተከፋፈለ ሕዝብ፣ እንዲናገሩ ሲጠይቁ የተከፋፈለ ነው እንዴ ብሎ ነከሰው። ነከሰው ስል ደግ ነው ያደረገው። ሰው ገንዘብ ሲሰጥ የመናገር ዕድልም ሊሰጠው ይገባል፤ ይህን የማይፈልግ ጣቢያ መዋጮ አይጠይቅ፣ ማስታወቂያ ይሽጥ።

ከ21ኛው እስከ 24ኛው ያሉት ከጉዳዩ ወጥተው ዘፈን ውስጥ ገቡ፣ እኔም ተከትዬ ገባሁ። አንድ ሰው ስቱዲዮው ከተጠገነ በመጀመሪያ የሚቀዳው ሰዎች እቤታቸው ያስቀመጡት የመንዙማና የወሎው የላሊበላ ኪነት ቡድን ካሴት እንዲሆን ጠየቀ፤ ማሪቱ ለገሰን ከዚያ ኪነት ጋር በመድረክ እንዳያት አወራ። ሌላው ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል በኛ ቦታ ስም እንደሚጠሩ ሲያስታውስ፣ ሦስተኛው አንቺሆዬም የኛ ናት ብሎ ተነሣ፣ አራተኛው ትዝታንስ ለማን ልትሰጧት ነው ብሎ ጨመረ። ከጭቅጭቁ መሃል አንድ ቁም ነገር ወጣ፣ እሱም ከ8ኛው ቴክኒሻን። ካሴቱን መጀመሪያ ቤት ባለው አሮጌ ቴፕ አትሞክሩት፤ ሻጋታ ካለው በማጫወቻው ይላጣል። ሲቀዳም ባልተጨመቀ ፋይል ይቀዳ እንጂ በስልክ ድምፅ መቅጃ ተቀድቶ ቴሌግራም ላይ አይጣል። የዳናና የጀማ ንጉሥ መንዙማ የያዘ ካሴት ያላቸው ሰዎች እስካሁን በውስጥ መስመር እየጻፉልኝ ነው።

25ኛው ወጣት ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ በዚህ ዘመን ሬዲዮ ማን ይሰማል ብሎ ሳቀብን። ቲክቶክ እያለ ለቆርቆሮ ቤት 10 ብር የሚከፍል የለም አለ።

መልሱ ከሁለት ሰዎች መጣ። 26ኛዋ ተሁለደሬ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ከተያዙ በኋላ፣ ኅዳር መጨረሻ እስኪመለሱ ድረስ መብራትም ስልክም በሌለበት፣ በየቤቱ ወሬ የሚመጣው ከባትሪ ሬዲዮ እንደነበር አስታወሰች። ግን ያ ሬዲዮ የሚያወራው ከሩቅ ነው፤ የትኛው ጤና ጣቢያ ክፍት ነው፣ የትኛው መንገድ ያስኬዳል የሚለውን የሚነግር የቅርብ ድምፅ አልነበረም። ነፍሰ ጡር ይዛ ወዴት እንደምትሄድ ያጣችበትን ሌሊት በሦስት መስመር ጻፈችው። ሴትዮዋም ልጁም ደኅና ናቸው፤ ጠይቄያት ነው።

27ኛው አዛውንት ናቸው፣ ልጃቸው ናት የጻፈችላቸው። የ1965 እና 66ቱን ረኀብ አነሱ። ወሎ እየረገፈ መንግሥት ሲደብቅ፣ አገሩ ሬዲዮ አጥቶ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ሬዲዮ ከተከፈተ ያኔ 40 ዓመት ሊሆነው ነበር። የኛን ሞት ለዓለም ያሳየው ግን በጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነው። ሬዲዮ ከሌላ ሰው እጅ ከሆነ የሚነገረው የሌላ ሰው ጉዳይ ነው፣ እኔ ከጡረታዬ 10 ብሯን አወጣለሁ አሉ። 25ኛው ወጣት ለሳቸው በአክብሮት ነው የመለሰው፤ ሐሳቡን አልቀየረም፣ ግን የጣቢያውን ዝግጅት እየቆራረጠ ቲክቶክ ላይ ለመጫን ራሱን አቀረበ። ከገንዘብ ይሻላል፤ ያዝነው።

28ኛዋ የሒሳብ ባለሙያ ስለሆነች ወደ መሬት አወረደችን። የ14ኛው ቁጣ መልስ እንዳላገኘ አስታውሳ፣ ሒሳቡ በጣቢያው ስም ሳይሆን በአድማጮች ማኅበር ስም እንዲከፈት፣ ሦስት ፈራሚ እንዲኖረው፣ ከሦስቱ አንዱ ከጣቢያው ውጭ የሆነ ሰው እንዲሆን፣ ገቢና ወጪው በየወሩ መጀመሪያ በራሱ በሬዲዮው እንዲነበብ ሐሳብ ሰጠች። ማስታወቂያ አንባቢዋ ኮርኒስ ይህን ያህል፣ ሚስማር ይህን ያህል እያለች ስታነብ ማንም አይሰርቅም አለች። በገንዘብ ፋንታ ችፑድ፣ ባና፣ የአናጢ ጉልበት የሚሰጥም በዚያው መዝገብ ይስፈር። እኔም የምስማማው በዚህ ነው፣ ከቅሬው ካዝና ምንም ሳይነካ። ደመወዝ በዚህ መዋጮ ይከፈል የሚለውን ግን እቃወማለሁ፤ ደመወዝ ከሰው ኪስ ሲጠብቅ ጋዜጠኛው ያዋጣውን ሰው ፊት እያየ ነው የሚሠራው። 12ኛዋ በዚህ አልተስማማችም፤ በነፃ የሠራችባቸውን ዓመታት ማን ይከፍላታል ብላ ጠየቀችኝ። ደህና አድርጋ ነው የጠየቀችኝ፣ መልስ የለኝም።

29ኛው፣ ሳላይሽ የሚኖር አናጢ፣ ቅዳሜ ጅጌ (ደቦ) ጠርተን ኮርኒሱን ባንድ ቀን እንገጥመዋለን፣ እንጨቱን እኔ እቆርጣለሁ አለ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሲመርቀው 30ኛዋ ገባች፣ ይህቺው 4ኛዋ የቅሬ ገንዘብ ያዥ። ቤቱ የኪራይ አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች። ኮርኒስ ገጥማችሁ፣ በር አስተካክላችሁ ስትጨርሱ አከራዩ ቤቱ አምሯል ብሎ ኪራይ ቢጨምር ወይም ልቀቁልኝ ቢል ኮርኒሱን ነቅላችሁ ነው የምትሄዱት? እሷ ሱቋን ቀለም አስቀብታ በሦስተኛው ወር የወጣችበት ታሪክ አላት፣ ለሌላ ቀን አቆይታዋለች።

31ኛው የአከራዩ የቅርብ ዘመድ ነኝ ያለ ሰው ነው። አከራዩ ክፉ ሰው እንዳልሆኑ፣ ግን በቃል የተነገራቸውን የማይዙ እንደሆኑ ጻፈ። ለአምስት ዓመት በጽሑፍ ውል ከገቡና የጥገናው ወጪ በከፊል ከኪራዩ የሚቀነስ ከሆነ ሊፈርሙ ይችላሉ፤ ካልሆነ ግን ሚስማርም እንዳትመቱ ብሏል። አናጢውም ቅዳሜን ትቶታል፤ ውሉ ይቅደም ብሎ።

6ኛው ወንድማችን የውሉን ረቂቅ ሊጽፍልን ተስማምቷል። አከራዩ ዘንድ ለመሄድ ሁለት ሽማግሌ እንፈልጋለን፤ 1ኛው መምህር እሺ ብለዋል፣ ሁለተኛው ከሸዋ በር በኩል ቢሆን ይመረጣል፣ አከራዩ የዚያ ሰው ናቸውና። ፈቃደኛ ያለ እዚሁ ሥር ይጻፍ። ስለ አንቺሆዬ መጨቃጨቅ የፈለገ ሌላ ክር ይክፈት።